ሰው አለህ ወይ?

አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን አንድ ሰው ጉዳይ ይዞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲነሣ ወዳጁ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ወረቀትህ ተሟልቷል ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «እዚያ ሰው አለህ ወይ?» ብሎ ነው። በዚያ መሥሪያ ቤት ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ኀላፊው ድረስ ብዙ ሠራተኛ ተቀምጦ ሳለ፣ «ሰው» የሚባለው የአክስት ባል ወይም የአበልጅ ልጅ የሆነው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ይቈጠራል። ይኸን ጥያቄ ሁላችንም ጠይቀናል፤ ሁላችንም ተጠይቀናል። ዛሬ በዚህ ዐምድ ላነሣው ያሰብሁት፣ ይኸው ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ነው።

ነገሩን ያስነሣብኝ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ትምህርት አልቆ ጓደኞቹ ሲወጡ፣ እርሱ የጠፋ ደብተር የሚፈልግ መስሎ ወደ ኋላ ቀረ። ከዚያም ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ። ፈተናውን ካለፈ ሩቅ አገር እንዳይመደብ የሚያደርግለት አንድ የቅርብ ዘመድ እንዳላቸው፣ ነገሩም ከወዲሁ እንደ ተነገረ አጫወተኝ። «እኔ አልጠየቅሁም፤ የጨረሱት አባቴ ናቸው። ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው?» አለ።

እኔም «ነገ እንነጋገራለን» ብዬ ሰደድሁት። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም፤ መልሱን ለመናገር የምበቃ ሰው መሆኔን ስለ ተጠራጠርሁ ነው። ምክንያቱን ቈይቼ እነግርሃለሁ።

አስቀድሜ ግን ወደ ሩቅ አገር ልውሰድህ። ይኸን የማደርገው የሌላውን ነውር ለመቍጠር አይደለም። የኛ ነገር በሹክሹክታ የሚሠራ ስለ ሆነ ልኩ አይታወቅም፤ በአሜሪካ ግን ነገሩ ተጽፎ፣ በፍርድ ቤት ተመርምሮ፣ በቍጥር ስለ ተገለጠ ለማየት ይመቻል። የዚያን አገር ዓመታት የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በአሜሪካ ካሉት ታላላቅ የግል ዩኒቨርሲቲዎች አያሌዎቹ አዲስ ተማሪ ሲመርጡ ከማርኩና ከፈተናው ጋራ አብረው የሚመለከቱት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የአመልካቹ አባት ወይም እናት በዚያው ት/ቤት የተማሩ እንደ ሆነ ነው። የቀድሞ ተማሪ ልጅ ቅድሚያ ያገኛል። ይኸ ልማድ ሥር የሰደደው በ1920ዎቹ ነው። ዳርትመዝ የተባለው ኮሌጅ በ1922 ባወጣው የመምረጫ ደንብ ውስጥ፣ ብቁ ሆነው የተገኙ የቀድሞ ተማሪዎቹን ወንዶች ልጆች እንደሚቀበል አስታወቀ። በዚያን ዘመን ከአውሮፓ የፈለሱ አይሁድ ልጆች በፈተና እየበለጡ ወደ ታላላቆቹ ኮሌጆች በብዛት ይገቡ ነበርና፣ ይኸ ነገር ነባሮቹን አሳሰባቸው። ስለዚህ የአመልካቹን ጠባይ፣ የትውልድ ስፍራውን፣ የቤተሰቡን ሁኔታ መጠየቅ ጀመሩ። «እናንተ አትግቡ» ብሎ በግልጽ ከመጻፍ «የኛ ልጆች ይቅደሙ» ብሎ መጻፍ ይቀላልና።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2014 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ክስ ተመሠረተ። ክሱ ስለ ሌላ ጉዳይ፣ ማለትም በተማሪ ምርጫ ጊዜ ዘር ስለ መታየቱ ነበር። ዳሩ ግን ችሎቱ በ2018 ሲሰማ የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ተገለጠና ያልታሰበውም አብሮ ወጣ። በስድስት ዓመት መዝገብ ውስጥ፣ ከቀድሞ ተማሪዎች ልጆች ከመቶ 33 ያህሉ ሲገቡ፣ ከሌሎቹ አመልካቾች የገቡት ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከገቡት ነጮች ውስጥ ደግሞ ከመቶ 43 የሚሆኑት ወይ ለስፖርት የተመለመሉ፣ ወይ የቀድሞ ተማሪ ልጆች፣ ወይ የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች፣ ወይም ዲኑ በልዩ ዝርዝር ውስጥ ስማቸውን ያስያዛቸው ነበሩ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለጋሾች ዘመዶች ይገኙበታል።

«የተማረ ሰው ልጅ በቤቱም ይማራልና ቢበልጥ ምን ያስደንቃል?» ትለኝ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። በ2023 ራጅ ቼቲና ሁለት የሥራ ጓደኞቹ ያወጡት ጥናት ግን ይኸንኑ መርምሮ ነበር። የፈተና ውጤታቸው እኩል የሆኑ ልጆች ሲነጻጸሩ፣ ከመቶ አንዱ ከሆኑት እጅግ ባለጸጎች የተወለደው ልጅ ወደ 12ቱ ታላላቅ ኮሌጆች የመግባት ዕድሉ ከመካከለኛው ቤተሰብ ልጅ ዕድል ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ውጤታቸው እኩል ከሆነ፣ ልዩነቱ የመጣው ከዕውቀት አይደለም ማለት ነው።

ከዚያው አገር አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በመጋቢት 2019 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ኀምሳ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ከሰሰ። የነገሩ መሪ ዊልያም ሲንገር የተባለ የኮሌጅ መግቢያ አማካሪ ነበር። ይኸ ሰው ከሀብታም ወላጆች ገንዘብ እየተቀበለ የልጆቻቸውን የፈተና መልስ ያሳርም ነበር፤ ኳስ ነክቶ የማያውቀውንም ልጅ ስመ ጥር ተጫዋች ነው እያለ ያስገባ ነበር። ወደ ኮሌጅ የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው ይል ነበር። የፊት በር አለ፤ እርሱ የልጁ የገዛ ዕውቀት ነው። የኋላ በር አለ፤ እርሱ ለኮሌጁ የሚሰጥ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው። እርሱ የሚሸጠው ግን የጎን በሩን ነው፤ ከኋላው በር ይረክሳል። ፌሊሲቲ ሀፍማን የተባለችው ተዋናይት 15,000 ዶላር ከፍላ የልጇን ፈተና አሳርማለችና 14 ቀን እስራት ተፈረደባት። ልጅቱ ስለ ነገሩ የምታውቀው አልነበረም። ሲንገርም በጥር 2023 የሦስት ዓመት ከመንፈቅ እስራት ተፈረደበት።

ልብ በል፤ ፍርድ ቤቱ የቀጣው የጎን በሩን ነው። የኋላ በሩ ሕጋዊ ነበርና ማንም አልነካውም። ሁለቱም ግን የሚደርሱት ወደ አንድ ክፍል ነው፤ በዚያ ክፍል ያሉት ወንበሮችም የተቈጠሩ ናቸው።

ሁሉም በዚያው ልማድ ጸንተዋል ማለቴ አይደለም። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለቀድሞ ተማሪዎች ልጆች ቅድሚያ መስጠቱን ተወ። በ2009 ከአዲሶቹ ተማሪዎች ከስምንቱ አንዱ የቀድሞ ተማሪ ልጅ ነበር፤ በ2019 ግን ከሃያ አምስቱ አንድ እንኳ አልሞላም። በዚያው ጊዜ ውስጥ ድኆች ናቸው ተብለው የመንግሥት ዕርዳታ የሚገባቸው ተማሪዎች ከመቶ 9 ወደ 19 ከፍ አሉ። ኮሎራዶ በ2021፣ ቨርጂንያ በ2024 በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ልማዱን በሕግ ከለከሉ፤ ካሊፎርንያም በ2024 ባወጣችው ሕግ ለግል ኮሌጆች ጭምር ከለከለች። አንዱ ወንበር ሲለቀቅ ሌላ ሰው እንደሚቀመጥበት እነዚህ ቍጥሮች ያሳዩናል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች «የቀድሞ ተማሪ ልጅ ይቅደም» የሚል ደንብ የለም። ምደባው በፈተና ውጤትና በተማሪው ምርጫ ነው። ይኸ የሚያኰራ ነገር ነው። ነገር ግን ሁሉም ከአንድ መሥመር ይነሣል ማለት አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል በጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተሰጠ። በጥር ውጤቱ ሲነገር፣ ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከ1,100 የሚበልጡ ት/ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። እንግዲህ ልጁ በየትኛው ት/ቤት እንደሚማር የሚወስነው የአባቱ ኪስና የሚኖርበት ቀበሌ ከሆነ፣ ዘመድ ሥራውን የሚጀምረው ፈተናው ሳይደርስ ገና ድሮ ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ዕርዳታን እንለይ። አባት በሬውን ሸጦ ልጁን ቢያስተምር፣ ታላቅ እኅት ከደመወዟ ቀንሳ የሒሳብ መጽሐፍ ብትገዛ፣ እናት ሥራውን ሁሉ ራሷ ይዛ ልጇን «አንተ አጥና» ብትለው፣ ይኸ ዕርዳታ ወደ ልጁ ራስ ውስጥ ይገባል። በፈተናው ቀን የሚቀመጠው ልጁ ብቻውን ነው። ሁለተኛው ዓይነት ዕርዳታ ግን ልጁን አልፎ ወደ ዳኛው ይሄዳል። ልጁ ምንም ዕውቀት አልጨመረም፤ የተለወጠው ሚዛን ያዡ ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት ዕርዳታ ያገኘ ሰው ሌባ አይደለም፤ «ሁሉን ያገኘሁት በራሴ ጥረት ነው» ብሎ ቢኵራራ ግን ውሸታም ነው። ሁለተኛውን ያገኘ ሰው ደግሞ፣ ባያውቅም ባይጠይቅም፣ የሌላ ሰው ነገር በእጁ አለ።

አሁን ያቈየሁትን ልንገርህ። እኔ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፍሁት በገዛ ዕውቀቴ ነው። ዳሩ ግን የተመደብሁበት ዩኒቨርሲቲ ከቤታችን የሁለት ቀን መንገድ ስለ ነበር እናቴ አለቀሰች፤ ቤቱም የለቅሶ ቤት መሰለ። አጎቴ በዚያን ጊዜ የሚፈሩና የሚከበሩ ሰው ነበሩ። «ይኸማ ቀላል ነው» አሉና አንድ የሚያውቁት ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ደረቴን እንኳ ሳያዳምጥ፣ ብርቱ አስም እንዳለብኝና ከቤተሰቤ ርቄ መኖር እንደማይገባኝ የሚገልጽ ወረቀት ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጠን። እኔ በዕድሜዬ አስም ይዞኝ አያውቅም፤ እንዲያውም በት/ቤታችን የሩጫ ቡድን ውስጥ ነበርሁ። ወረቀቱ ገባ፤ ምደባዬም ተለወጠ። የእናቴን እንጀራ እየበላሁ ትምህርቴን ጨረስሁ። በነዚያ ዓመታት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «ማንን በደልሁ?» ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። በኔ ምክንያት ሲያለቅስ ያየሁት ሰው አልነበረማ!

መምህር ከሆንሁ በኋላ ግን አንዲት ተማሪዬ ጥሩ ውጤት አምጥታ አለፈች። ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የልብ ሕመም ያለባት፣ በየወሩ መርፌ የምትወጋ ናት። የተመደበችው ሕክምናዋን ከምትከታተልበት ሆስፒታል እጅግ ርቃ ነበር። አባቷ ሞተዋል፤ እናቷ ጉሊት ቸርቻሪ ናቸው። ሰው አልነበራቸውምና እኔ «ሰው» ልሆናቸው አብሬአት ሄድሁ።

ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ወጣት ጸሐፊ ክፉ ሰው አልነበረም። የልጅቱን ወረቀት ተቀብሎ አነበበና፣ በጠረጴዛው ላይ ወደ ተከመረው የወረቀት ክምር አመለከተን። «ይኸ ሁሉ የሐኪም ማስረጃ ነው። ሁሉም ታምሜአለሁ ይላል። የቱ እውነተኛ፣ የቱ የተገዛ እንደ ሆነ በምን ልወቅ? ቦታውም ሞልቷል» አለን።

አንባቢ ሆይ፤ በዚያ ክምር ውስጥ የኔ ወረቀት አልነበረም። የኔ ወረቀት ከዓመታት በፊት ሥራውን ሠርቶ አልፏል። ሆኖም ሐሰተኛ ብር ሲበዛ ገበያው እውነተኛውንም ብር እንደሚጠረጥር፣ ያቺ ልጅ በእጇ የያዘችውን እውነተኛ ማስረጃ ያረከሰባት እንደኔ ያለው ነው። እርሷ ወደኔ ዘወር ብላ «ቲቸር፤ ምን እናድርግ?» ስትለኝ የምመልስላት ቃል አጣሁ። ወደ ተመደበችበት ሄደች። በመጀመሪያው መንፈቅ ታማ ተመለሰች። ዛሬ ደኅና ናት፤ ትምህርቷን እንደ ገና ለመጀመር ተራዋን ትጠብቃለች። ስለ አስሜ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም፤ ይኸን ጽሑፍ ስታነብ ታውቀዋለች።

የዚህ ነገር ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። የሰው ቦርሳ የሚሰርቅ ሌባ የተሰረቀውን ሰው ፊት ያያል። በዘመድ የሚገባ ተማሪ ግን ስለርሱ የከፈለውን ሰው አያየውም፤ ስላላየውም ማንም አልከፈለም ይላል። አባቱም አያዩትም፤ ስልክ ያነሣው ዘመድም አያየውም። ሁሉም ደጎች ናቸው፤ ሁሉም የረዱ ይመስላቸዋል።

ወደ እናንተም፣ ወደ መሥሪያ ቤት ወጣቶች፣ ልዙር። አጎቴ ያን ወረቀት ሲያወጡልኝ ምንም አልጠየቁኝም። ማስተማር በጀመርሁ በሦስተኛው ወር ግን ስልክ ደወሉ። የአንድ ወዳጃቸው ልጅ እኔ በማስተምርበት ክፍል ነበረች፤ ወድቃለች። «አንተም እንዴት እንደ ገባህ ታውቃለህ» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ማርኳን አልነካሁም ብዬ ብነግርህ ደስ ባለኝ ነበር። ሦስት ማርክ ጨመርሁላት፤ አለፈች።

ውለታ በገዛ ገንዘብ የሚከፈል ቢሆን ባልከፋ። እንዲህ ያለው ውለታ ግን የሚከፈለው በአደራ በተሰጠን ብዕርና ማኅተም ነው። በስልክ የገባ ልጅ ሹም ሲሆን ስልክ ሲጮኽ ይነሣል፤ የሚከለክልበት አፍ የለውም። ከመስኮቱ ኋላ ያለው ጸሐፊ ብቻውን ክምሩን ሊያጠራው አይችልም፤ እርሱም ራሱ በዘመድ የተቀጠረ እንደ ሆነማ ምን ተስፋ አለ?

አሁን የምትለኝን አውቃለሁ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ተብሎ የለም ወይ?» ትላለህ። ተብሏል። ዘመድ በዘመድነቱ ከገዛ እንጀራው ይቍረስልህ፤ የጎረቤትን ሌማት ግን አይክፈትልህ። «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» ትላለህ። ሊወስደው ይችላል፤ ክምሩ ግን በአንድ ወረቀት ያንሳል። ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም። «እኔ እንደ ሆነ ብቁ ነኝ፤ ስልኩ ነገሩን ያፋጠነው ብቻ ነው» ትላለህ። ብቁ ከሆንህ ስልኩ ለምን አስፈለገህ? ከተደወለልህ በኋላ ደግሞ ብቁ መሆንህን አንተም ራስህ በርግጥ አታውቀውም፤ ይኸ ጥርጣሬ ከዲፕሎማህ ጋራ አብሮህ ይኖራል።

የሁሉም ከባዱ አባትን እምቢ ማለት ነው። እኛ ወላጅን በማክበር ያደግን ነንና ነገሩን በድፍረት ሳይሆን በአክብሮት መያዝ ይገባል። እንዲህ ብትልስ፦ «አባባ፤ ስለኔ ማሰብዎን አውቃለሁ። ነገር ግን ካለፍሁ በውጤቴ ልመደብ፤ ሩቅም ብሄድ እየደወልሁ እጠይቅዎታለሁ። ያን ዘመዳችንን ባያስቸግሩልኝ ደስ ይለኛል።» ባይቀበሉህ፣ የሚያከብሩትን አንድ ሽማግሌ ላክ። አማላጅ ለእንዲህ ያለው ነገር ሲሆን ደግ ነው።

አስቀድሞ የገባኸውን አንተንም ትምህርትህን ጥለህ ውጣ አልልህም፤ እኔም አልወጣሁም። ነገር ግን ውለታውን ለደወለልህ ሰው በብዕር አትክፈል፤ ሰው ለሌለው ባለ ጉዳይ ወረቀቱን በጥንቃቄ አንብበህ ክፈል። አጎቴ ሁለተኛ ጊዜ በደወሉ ጊዜ «ልጁን ወደኔ ይላኩልኝ፤ ከዐሥር ሰዓት በኋላ አስጠናዋለሁ፤ ማርኩን ግን አልነካም» አልኋቸው። ሁለት ወር ሙሉ አላነጋገሩኝም። ለፋሲካ ቤታቸው ሄጄ ጕልበታቸውን ስሜ ታረቅን። ልጁም መጥቶ ተማረ።

ተማሪዬን በማግሥቱ ጠርቼ ይኸንኑ ሁሉ፣ አስሙንም ሦስቱንም ማርክ ሳልደብቅ ነገርሁት። «ጥፋቱ እስከ ትናንት የአባትህ ነበር፤ ከጠየቅኸኝ ጊዜ ጀምሮ ግን ያንተም ሆኗል» አልሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ሩቅ ብመደብስ?» አለኝ።

«ትሄዳለህ» አልሁት።

ሣቀ። ከአባቱ ጋራ ይነጋገር አይነጋገር እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ፈተናው ግን ቀርቧልና ከዐሥር ሰዓት በኋላ ከሚያጠኑት ልጆች ጋራ በየቀኑ ይመጣል። ከፊት ወንበር ይቀመጣል።

በሚመጣው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁን።